ኢየሩሳሌም ያልጨረሰችው መጽሐፍ

ሃላሌ ከተማ ታስተምር የነበረችው ኢየሩሳሌም በድንገት ታማ ስታርፍ፣ እህቷ ሶፊ ከቤቷ ወደ ሶዶ ያመጣችው መጽሐፎቿን ብቻ ነበር። ሐዘኑ ትንሽ ጋብ ሲል ማንበብ ጀመረች። የግጥም መድበሉን አልወደደችውም፤ ቃላት ያበዛል። የጉዞ ማስታወሻው ግን ሳታስበው አሳቃት፤ ወዲያው በሳቋ አፈረች። የወንጀል ልብ ወለዱን ኢየሩሳሌም ግማሹ ላይ ገጹን አጥፋ ትታዋለች። ሶፊ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ገዳዩን ስታውቅ ስልኳን አንስታ የእህቷን ቁጥር ነካች።

«ለማን ልትደውዪ ነው?» አለች እናቷ።

ሶፊ ስልኩን መጽሐፉ ላይ አስቀመጠችው።

«በይ ለእኔ ንገሪኝ፣ ልጄ።»

ሶፊ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመረችላት። ኢየሩሳሌም ያቆመችበት ቦታ ስትደርስ ግን እሷም እዚያው አቆመች። እናቷ ስባ አቀፈቻት እንጂ መጨረሻውን አልጠየቀቻትም።