ከሽመላዎቹ አንዷ

ዊልፍ ሄብደን ዶሪንን ወደ አንድ አሮጌ መጠጥ ቤት ይዟት የሄደው ትንሽ ሊኩራራባት ፈልጎ ነው። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱን ከቀበረ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ዶሪንን ካወቃት ግን ገና ሦስተኛ ሳምንቱ። ዕድሜውን የጨረሰው በእንግሊዝ አገር፣ በሊድስ ከተማ፣ የየቤቱ ግድግዳ ላይ ሴራሚክ ሲለጥፍ ነው።

መጠጥ ቤቱ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት እንደተሠራ አለ። ባንኮኒው ቀይ እብነ በረድ ነው፤ ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ሴራሚክ፤ በእያንዳንዱ ሴራሚክ ላይ አንድ ሽመላ ቆማለች።

«ከነዚህ አንዷ የእኔ ናት» አላት ቢራቸውን ይዘው እንደተቀመጡ። «ወጣት ሳለሁ በርሜል ተንከባሎ አንዷን ሰባበራት። ራሴ ሥዬ፣ ራሴ በእቶን ተኩሼ ተካኋት።»

«የትኛዋ ናት?»

ዊልፍ መነጽሩን አድርጎ ተነሣ። በመስኮቱ በኩል ፈለገ፣ የለችም። በምድጃው በኩል ተንበረከከ፤ እዚያም የለችም። ሁለት ጠጪዎች ወንበራቸውን አንሥተው አሳለፉት። ጆሮው ቀላ።

«የኔ ጌታ፣ የጠፋብዎ ነገር አለ?» አለች የቤቱ እመቤት ጃኪ።

«የሠራትን ወፍ እየፈለገ ነው» አለች ዶሪን።

«ባለፈው ዓመት የቅርስ ባለሙያዎች መጥተው ሁሉም የጥንት ናቸው ብለው ጽፈው ሄደዋል እኮ።»

ዶሪን አርባ ዓመት በልብስ ፋብሪካ የተጣመመ ስፌት ስትለቅም የኖረች ናት። ብርጭቆዋን አስቀምጣ ተነሣችና ግድግዳውን በጣቷ እየዳሰሰች ሄደች። ከበሩ አጠገብ ቆመች።

«አገኘኋት። ይቺ ዓይን የላትም።»

ዊልፍ እየተጣደፈ መጣ፤ አይቶም ተቆጣ። «እኔ ዓይን ረስቼ አላውቅም። ይቺ የድሮዎቹ ናት። ሠዓሊው እዚሁ ሲጠጣ ውሎ ነው የሣላት።»

ጃኪ ሣቀች፤ ጠጪዎቹም ሣቁ። ዊልፍ ጥቂት ቆይቶ ነገሩ ገባው። የእሱን ሥራ ባለሙያዎቹ ከጥንቱ አልለዩትም፤ የዶሪን ዓይን አልለየውም፤ እሱ ራሱ እንኳ አልለየውም። ደረቱ በኩራት ሞላ።

«እንግዲህ» አለች ዶሪን፣ «ወይ ሊቅ ነህ፣ ወይ ውሸታም።»

«የቱ ይሻልሻል?»

«ያኛውን ግድግዳ ገና አላየነውም። አንድ አንድ ቢራ ድገመንና እናየዋለን።»

ዊልፍ ጉልበቱን እያሻሸ፣ ፊቱ እየበራ ወደ ባንኮኒው ሄደ።