አቶ ኩማ አሳሌ ሐይቅ ወረዱ

አቶ ኩማ የነቀምቴ ጨው ነጋዴ ነበሩ። ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ ከሲሬ እስከ ጊምቢ በየገበያው አሞሌ በአህያ ጭነው ዞረዋል። አሞሌው ከየት እንደሚመጣ የሚነግራቸው ሰው ግን አላገኙም፤ «ከሰሜን በረሃ» ከማለት በቀር።

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. የመጨረሻ ልጃቸው ወርቂቱ በመምህርነት መቀሌ ተመደበች። በገና ሰሞን ሊጠይቋት ሄዱ። ገና ከመቀመጣቸው፣

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ጨው የሚወጣበትን አሳዪኝ» አሏት።

«አባኮ፣ ቦታው እኮ በረሃ ነው። በእግር ነው የሚኬደው።»

«ታዲያ እኔ ስነግድ የኖርኩት በምን ይመስልሻል?»

ወርቂቱ ሳቀችና ተሸነፈች። ጨው ለመጫን ከሚወርዱ ግመለኞች ጋር ተስማማች፤ አማርኛ የሚሞክር አንድ አፋር መሪም አገኘች። ገደል ለገደል ሲወርዱ ሙቀቱ እየባሰ ሄደ። እሷ ድንጋይ ላይ እየተቀመጠች ስታርፍ አባቷ ከመሪው ጎን ለጎን ይራመዱ ነበር። ቤት ውስጥ ምርኩዝ የሚፈልጉትን ሰው ትኩር ብላ አየቻቸው። እንዲህ ሲሄዱ አይታቸው አታውቅም።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ምድር ነጭ ሆነች። አቶ ኩማ ተንበርክከው መሬቱን በጣታቸው ነክተው ቀመሱ።

«አሞሌ ነው!» ብለው ጮኹ።

ጥቂት እልፍ ብሎ ሰዎች ጨውን በእንጨት እየፈነቀሉ፣ በመጥረቢያ እየጠረቡ ያስተካክላሉ። አቶ ኩማ አጠገባቸው ቆመው ፀሐዩን ረሱት። አንዱ የጠረበውን አንስተው ጠርዙን ዳሰሱ።

«ስንት ዘመን ሸጥኩት! ይህን እጅ ግን አላውቀውም ነበር» አሉ። ሰውዬው ቋንቋቸውን ባይሰማም ፈገግ አለላቸው።

ከሐይቁ ሲደርሱ ወርቂቱ ጫማዋን አውልቃ ገባች። አባቷ ግን ከዳር ቆሙ። ወንድማቸው ደረሳ በክረምት ዲዴሳን ሲሻገር ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ፣ ከቁርጭምጭሚት ያለፈ ውሃ ገብተው አያውቁም።

«ውሃ ይበቃኛል፤ ወንድሜን በልቷል» አሉ።

መሪው ይህን ሰማ። ከዚያ ሽርጡን እንደታጠቀ ወደ ጥልቁ ሄዶ በጀርባው ተጋደመ። እጁን ትራስ አደረገ።

«አባባ፣ ይሄ ውሃ ሰው አይበላም። ጨው በዝቶበታል፤ ይተፋል!»

አቶ ኩማ የልጃቸውን እጅ ጨብጠው ገቡ። ውሃው ወገባቸውን ሲያልፍ እግራቸው ራሱ ከመሬት ተነሣ። «ዋቀዮ፣ አምላኬ!» ብለው ጮኹ፤ ወርቂቱን አንቀው ሊያሰምጧት ነበር። ግን መስመጥ የለም። ቀስ ብለው እጇን ለቀቁ። በጀርባቸው ተንሳፈፉ፤ ነጭ ጢማቸው ብቻ ወደ ሰማይ ቀጥ አለ። ሲስቁ ሆዳቸው ውሃውን ያርገበግበዋል። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። ወርቂቱ እንባቸውን አየች፤ ያቃጠላቸው ጨው ይሁን ሌላ አልጠየቀችም።

በማግስቱ ጠዋት ቢጫና አረንጓዴ መሬት ወዳለው ኮረብታ ወጡ። ሐይቁ ከሥር እንደ መስተዋት ተንጣሎ፣ ግመሎቹ በላዩ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። አቶ ኩማ ባርኔጣቸውን አውልቀው በኦሮምኛ ረጅም ጸሎት አደረሱ። መሪውም እስኪጨርሱ ሳይቀመጥ ጠበቃቸው።

ነቀምቴ ሲመለሱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሎሚ የአቶ ኩማ ፊት መላጡን አይተው ደነገጡ።

«ምን አገኘዎት?»

«ውሃ ላይ ተኝቼ ነው።»

አቶ ኩማ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይህን ሲያወሩ ሰው ሁሉ ሳቀ። ወይዘሮ ሎሚ ግን ሌሊት ሌሊት «እንዴት ነው የሚተኛው?» እያሉ ይጠይቋቸው ነበር። በሚቀጥለው ገና ሁለቱም ስንቃቸውን ቋጥረው መቀሌ ወርቂቱ ደጅ ላይ ቆሙ።