ሃያ ሦስተኛው ዋልያ

ጽጌሬዳ ሃያ ሁለተኛውን ሥዕል ከጥቁር ሰሌዳው ላይ አንሥታ በደረቱ አስተኛችው።

"ምን አጠፋ?" አለ አገኘሁ።

"መሪጌታ ዜሮ ሰጡት።"

"አንድ ዓይን ብቻ ነዋ የሣለለት!" አሉ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። "እኛ ዘንድ በአንድ ዓይን የሚሣል ሰይጣንና ይሁዳ ነው። ዋልያ ምን በደለ?"

"ከጎን ካልተሣለ እኮ ቀንዱ አያምርም፣ መሪጌታ።"

"እንግዲያው ቀንዱ ይቅርበት!"

ሦስቱም ሣቁ። ቅዳሜ ስለነበር የደባርቅ ትምህርት ቤት ጭር ብሏል። ጉም በተሰበረው መስኮት እየገባ በዴስኮቹ መካከል ቀስ ብሎ ይመላለሳል። ለዱር እንስሳት ጥበቃ በሚታተመው ቴምብር ላይ የሚወጣ አንድ ሥዕል ከአውራጃው ተመርጦ እንዲላክ ከአዲስ አበባ ታዝዟል። ጽጌሬዳ አስተማሪ በመሆኗ፣ መሪጌታ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ በመሆናቸው ዳኞች ተደረጉ። አገኘሁ ደግሞ ዐሥራ ስድስት ዓመት የፓርኩ ጥበቃ ሆኖ ስለሠራ፣ ዋልያን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም ተባለ። የሠዓሊዎቹ ስም በታሸገ ፖስታ ውስጥ ነው፤ ዳኞቹ የሚያዩት ቁጥር ብቻ ነው።

ከዚያ ጽጌሬዳ ሃያ ሦስተኛውን ሥዕል አቆመች።

አንድ ወንድ ዋልያ ገደል አፋፍ ላይ፣ በጓሳው ሣር መካከል ተጋድሟል። አንገቱን ዘርግቶ ዓይኖቹን ጨፍኗል። ጀርባው ላይ ነጫጭ ፍሬዎች ተበትነዋል። ከበታቹ ገደሉን የሞላው ደመና ትንሽ ቢነሣ ይዞት የሚሄድ ይመስላል።

"ተኝቷል" አሉ መሪጌታ፣ እንዳይቀሰቅሱት የፈሩ ይመስል በሹክሹክታ። "ዓይኑን መጨፈኑ ከእኔ ፍርድ አዳነው። ዐሥር!"

"ጀርባው ላይ ያለው ነጩስ ምንድን ነው?" አለች ጽጌሬዳ።

"የሚያልመው ይሆናላ።"

አገኘሁ ተነሥቶ ቀረበ። የክፍሉ ጉምና የሥዕሉ ደመና አንድ ሆኑበት። የእርጥብ ጓሳ ሽታ የሸተተው መሰለው፤ እግሩ ሲሚንቶውን ለቆ ሣር የረገጠ መሰለው። ከዚያ የቀኝ ቀንዱን ጫፍ አየ። ተሰብሯል።

ያውቀዋል። ለራሱ ባላምባራስ ይለው የነበረው ዋልያ ነው። ነጩም በረዶ ነው። በሕይወት ያለ እንስሳ በረዶ ሲወርድበት ወይ ያራግፈዋል፣ ወይ ገላው ያሟሟዋል። ይህ ግን በረዶው ሳይወርድ በፊት ቀዝቅዟል።

በሥዕሉ ጥግ በቀጭኑ "ሐምሌ ፸፰" የሚል ተጽፏል። አሁን ግንቦት ሰባ ዘጠኝ ነው። አምና በሰኔ ከላይ ከተራራው ተኩስ ከተሰማ ወዲህ አገኘሁ ፈርቶ፣ በፓርኩ ጠርዝ ካለው ከቡይት ራስ አልፎ አያውቅም። እዚያ ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ የየወሩን ቆጠራ ከትዝታው ይጽፋል። "ቀንደ ሰባራው ወንድ፦ አለ" እያለ ዐሥር ወር ጽፏል።

የተመረጠው ሥዕል በፓርኩ ኃላፊ እጅ ያልፋል። ኃላፊው ያንን ቀንድ አሳምረው ያውቁታል። የሐሰት ሪፖርት ደግሞ አሻጥር ይባላል፤ በአሻጥር የተያዘ ሰው ሥራውን ብቻ አጥቶ አይቀርም።

"እኔን ያሠጋኝ አንድ ነገር ነው" አለች ጽጌሬዳ። "ደንቡ እንስሳው እንደ ተፈጥሮው ካልተሣለ ይውደቅ ይላል። ይህን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ አገኘሁ። ዋልያ እንዲህ ይተኛል?"

የሚድንበት ቃል በአፉ ውስጥ ነበር። ውሸትም አልነበረም።

"አይተኛም" አለ።

"ወይኔ!" አሉ መሪጌታ። "አንተ ሰው፣ እንቅልፉን እንኳ ብትተውለት ምን ነበር?"

ጽጌሬዳ እየከፋት ሥዕሉን አነሣችው። በደረቱ ልታስተኛው ስታዘነብለው፣ ደመናው ዋልያውን ይዞት የሚወርድ መሰለ። አገኘሁ ሳያስበው እጁን ዘርግቶ የሥዕሉን ጠርዝ ያዘ።

"ቆዪ። አይተኛም ያልሁት ይህኛው ስለ ሞተ ነው። ጀርባው ላይ ያለው በረዶ ነው። በረዶ በሕይወት ባለ ዋልያ ላይ አያድርም።"

መሪጌታ አማተቡ። ጽጌሬዳ ሥዕሉን መልሳ አቆመችው።

"የሞተ ዋልያ በቴምብር ላይ? ምን ይሉናል?"

"ልጄ" አሉ መሪጌታ፣ "እኔ ዕድሜ ልኬን ስቅለት ስሥል ነው የኖርሁ። እስካሁን ለምን ሞቶ ሣልኸው ያለኝ የለም። ሰው ፊቱ ቆሞ ያለቅሳል እንጂ።"

ጽጌሬዳ ትንሽ አሰበችና "የእኔ ዘጠኝ ነው" አለች። "የእርስዎ ቀረ፤ ነጥቡንና ምክንያቱን እዚህ ቅጽ ላይ ይጻፉ።"

አገኘሁ ዴስኩ ላይ ተቀመጠ። ብዕሩን አነሣ። ሥዕሉን የሣለው ማንም ይሁን ማን፣ አገኘሁ መውጣት የፈራው ቦታ ድረስ ወጥቶ ባላምባራስ አጠገብ በብርድ ተቀምጧል። ዐሥር ብሎ ጻፈ። ከሥሩም ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመ "እኔ ሳልወጣ ‹አለ› እያልሁ ስጽፍ፣ ይህ ሠዓሊ ወጥቶ ሞቶ አግኝቶታል" ሲል አከለ።

ጽጌሬዳ በትከሻው በኩል አነበበች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሼ አገኘሁ፣ ይህ ወረቀት ከሥዕሉ ጋር ነው የሚሄደው" አለችው። "ሌላ ባዶ ቅጽ አለኝ።"

"አይ፣ ይኸው ይሂድ" አለና ስሙን ከነአባቱ ጻፈበት።