የጨፌው እንግዶች ቆጠራ

ወፎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ተነሡ። አለምነው ገና ከሽምብራው ማሳ ወጥቶ ጨፌው ዳር ለመድረስ ሁለት መቶ እርምጃ ሲቀረው አንዱ ጮኸ፤ ቀጥሎ ሁሉም ጮኹ፤ ግራጫው መንጋ ውሃውን እየረጨ ወደ ሰማይ ወጣ። እሱም ከአንገቱ የተንጠለጠለውን የሩቅ ማያ መነጽር እንደጨበጠ ቆሞ ቀረ። እስከ አሥራ ሰባት ቆጥሮ ነበር።

"አሁን ምን አደረግኋቸው?" አለ ለራሱ። እጁ ባዶ ነው። ጅራፉን ቤት ጥሎት መጥቷል።

ግራ እግሩን ጎተት እያደረገ ወደ ጉብታው ተመለሰ። ፊርደውስ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትጠብቀዋለች። ለውሃና ለአዕዋፍ ከሚቆረቆር ማኅበር ተልካ ጠዋት ከመካነ ሰላም የመጣች ልጅ ናት። ማኅበሩ በየዓመቱ ጥር ላይ ከብርድ አገር የሚመጡትን ወፎች ያስቆጥራል፤ ዘንድሮ ደግሞ ለጨፌው በወር ደመወዝ የሚሠራ አንድ ጠባቂ ሊቀጥር ነው፤ የሚቀጠረውም ወፎቹን ራሱ መቁጠር አለበት። መንደሩ ተሰብስቦ ሲመክር ማንም አልተከራከረም። "ወፍን ከአለምነው በላይ ማን ያውቃል?" ተባለ። እውነት ነው። ሠላሳ ዓመት ማማ ላይ ወጥቶ ከሽምብራው ሲያባርራቸው የኖረ ሰው ነው። ያ እግሩም የተሰበረው ከማማው ወድቆ ነው። ኅዳር ላይ መጥተው መጋቢት ላይ ስለሚሄዱ "እንግዶች" ይላቸዋል፤ እንግዳ በጅራፍ የሚሸኝ ከሆነ።

ደመወዙን አጥብቆ የፈለገው ለልጁ ሲል ነው። አልታዬ ፓስፖርቷን አውጥታለች። "ቤታችን የወር ገቢ ከገባ ትምህርቴን እቀጥላለሁ፤ ካልገባ የካቲት ላይ ጂዳ ነኝ" ብላ ቁርጡን ነግራዋለች።

"አብሽሩ ጋሽ አለምነው፣ ይመለሳሉ" አለችው ፊርደውስ።

"መመለሱንማ ይመለሳሉ። እኔን ሲያዩ ነው የሚነሡት። ከዚሁ ሆነን ብንቆጥርስ?"

"ደንገሉ ግማሾቹን ይሸፍናቸዋል።"

"እንግዲያው ሁለት መቶ ብለሽ ጻፊ። ልጄ፣ እኔ ስንት እንደሆኑ አላጣውም።"

"ወላሂ አልችልም። ያልታየ አይጻፍም። ዛሬ ካልተቆጠረ ደግሞ ማኅበሩ ሌላ ጨፌ ይመርጣል፤ ጠባቂውም እዚያው ይቀጠራል።"

አለምነው የሚያውቀውን ነገር አታውቅም እንደተባለ ሰው ግራ ገባው።

በዚህ መሃል ሚስቱ የትምወርቅ ደንገል ልታጭድ ማጭዷን ይዛ መጣች። አለምነው አረንጓዴ ሻርፗን ከራሷ ላይ ወሰደና ተከናንቦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በደንገሉ ጥግ ጥግ ወረደ። በሬዎቹን ውሃ የሚያጠጣው ጎረቤታቸው አህመዲን አይቶት በሳቅ ፈነዳ።

"አለምነው! ሹሩባው ብቻ ነው የቀረህ!"

ወፎቹ ተነሡ።

"አረማመድህን ያውቁታል" አለች የትምወርቅ ሲመለስ፣ ሻርፗን እየተቀበለች። "እግርህን እንዴት እንደምትጎትት እኔም በጨለማ አውቀዋለሁ።"

"አንቺንስ?"

"እኔ ምናቸው ነኝ? ሣር ነው የማጭደው።"

ፊርደውስ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። "እትዬ የትምወርቅ፣ እንግዲያው እርስዎ ይቁጠሩልን!"

"ፊደል ያልቆጠርሁ ሴትዮ ወፍ ልቆጥር?" ብላ ሳቀችና ወረደች።

መንጋው አንድ ጊዜ ዞሮ ተመለሰ። ከፊቷም ከኋላዋም አረፈ። እሷ ታጭዳለች፤ እነሱ ጭቃውን ይጭራሉ። አለምነው መነጽሩን ወደ ዓይኑ አስጠጋና ደንግጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አንዱ ወፍ በቀይ ዓይኑ ፊት ለፊት እያየው ነበር። አናቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው፤ ከዓይኑ ጀምሮ እስከ አንገቱ ነጭ መስመር ይወርዳል። ይህን ሁሉ ዓመት ሲበሩ ጀርባቸውን ነው ያየው። ፊት እንዳላቸው እንኳ አስቦ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ባይገባውም አፈረ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የትምወርቅ የደንገል እስሯን በትከሻዋ ተሸክማ፣ ሌላ ትንሽ እስር በእጇ ይዛ መጣች።

"ለአሥር አሥሩ አንድ አገዳ ይዣለሁ" አለች። "ወፍራሞቹ ትልልቆቹ ናቸው፤ ቀጫጭኖቹ የዘንድሮ ጫጩቶች። የጫጩቶቹ አናት ገና ቡናማ ነው፤ አታይዋቸውም?"

ፊርደውስ አፏን ይዛ ቀረች። ሃያ ወፍራም፣ ሦስት ቀጭን። "ሁለት መቶ ሠላሳ! ጫጩቱን መለየት እኔን ስንት ወር ነው የፈጀብኝ!" ቁጥሩን ጻፈችና እስክሪብቶዋን አቆመች። የቆጣሪና የጠባቂ ስም በሚለው ቦታ ጠዋት የአለምነውን ስም ሞልታለች። ቀና ብላ አየችው።

"የመንደሩ ምርጫ እርስዎ ነዎት። ልተወው?"

አለምነው ተናደደ፤ በማን እንደተናደደ ግን አላወቀም። በወፎቹ? በሚስቱ? ደመወዙ በማንም ስም ቢመጣ ያው እዚያው ቤት ነው የሚገባው። ጨፌው ግን ሲያዩት የሚነሡለትን ጠባቂ ምን ያደርገዋል?

"ሰርዢው" አለ። "የትምወርቅ ብለሽ ጻፊ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ሰው ምን ይላል?" አለች ሚስቱ።

"ሰውማ ይላል። አህመዲን ጀምሮታል።"

የትምወርቅ ወደ ቤት ለመሄድ ጨፌውን የሚያቋርጠውን አጭር መንገድ ያዘች። አለምነውም እንደ ልማዱ ተከተላት። ሦስት እርምጃ እንደሄደ ከደንገሉ መሃል አንድ ረጅም አንገት ቀጥ አለ። አለምነው ቆመ።

"ሸክሙን አምጪ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እስሩን ከትከሻዋ ተቀበለና፣ ግማሽ ሰዓት በሚረዝመው በጉብታው ጀርባ መንገድ ዞሮ ሄደ።