የሜላት ጾም

እኔ ጥሩዬን ክፉ ናት አልልም። ክፉ ብትሆንማ በተሻለኝ፤ ረግሜያት እገላገል ነበር!

ሜላት የእህቴ የሰገነት ልጅ ናት። ከተወለደች ጀምሮ እየተንቀጠቀጠች ዓይኗ ይገለበጣል። የከተማችን የዲምቱ ሰው "መንፈስ ነው" አለ። እኛ ግን አዲስ አበባ ድረስ ወሰድናት። ሐኪሙ፣ እግዜር ይስጠው፣ ሳይቸኩል አስረዳን።

"ቆሽቷ ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩ ሴሎች አሉ" አለን። "እነሱ ላይ ትንንሽ በሮች አሉ። ሰው ሲበላ በሮቹ ይዘጋሉ፣ ኢንሱሊን ይለቀቃል። ሲራብ ይከፈታሉ፣ ኢንሱሊኑ ያርፋል። የእሷ በዘር በመጣ ጉድለት እንደተዘጉ ቀርተዋል። በላችም አልበላችም ኢንሱሊኑ እየፈሰሰ የደሟን ስኳር ይጨርሰዋል። እንዳትራብ! ብትተኛም ቀስቅሳችሁ አብሏት።"

ሰገነት ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላየችም። ልጅቷ ግን ተረፈችልን፤ በስሜ "አሳዬ" እያለች ትጠራኝ ጀመር። እንዴት ደስ ይለኝ ነበር!

በሩን ሊከፍት ይችላል የተባለው መድኃኒት ከውጭ መጥቶ ሶዶ ደረሰ ሲሉን፣ ሜላትን ለሰገነት ባል እህት ለጥሩዬ ትተን በጠዋት ሄድን። ጥሩዬ የራሷ ልጅ የላትም፤ ነፍሷ ሜላት ናት። ሰገነት ሙቁን በስኳር አጣፍጣ በፔርሙዝ ሞላችላት።

"አደራ፣ ቶሎ ቶሎ ስጫት።"

"ኧረ ሂጂ! እኔ አላውቅም እንዴ?"

ስንመለስ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ አቆየን። ቤት ስንደርስ ሰው ሞልቷል፣ ይዘመራል። ጥሩዬ ልጅቷን ታቅፋ በደስታ ታለቅሳለች።

"እልል በሉ! ጌታ ፈወሳት! የቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት ቡድን ከጠዋት ጀምሮ ጾም ጸሎት ያዘላት። ስትንቀጠቀጥ ቆይታ በአንዴ ጸጥ አለች። ይኸው ተኝታለች።"

ሰገነት መድኃኒቱን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቀረች።

"መቼ በላች?"

"ምን ነካሽ? ሰው ሁሉ ለእሷ እየጾመ እሷ ትብላ?"

ልጅቷን ከእቅፏ ነጠቅኳት። አንገቷ ወደ ኋላ ወደቀ፤ እግሯ ቀዝቅዟል። ሰገነት ጮኸች። መዝሙሩ ወዲያው አልቆመም፤ ከኋላ ያሉት ገና አላዩም ነበር።