በእትዬ ሙሉጌጥ መዝሙር ውስጥ የሚሰማው ድምፅ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያዋ ፊደል እስከ መጨረሻዋ አራት ነጥብ ድረስ እውነት ነው። ቅመም አልተነሰነሰበትም። ማጋነን የሚባለው ነገር በደጁ አላለፈም፤ ካለፈም ሰላም ሳይለው ነው ያለፈው። የሚጠራጠር ሰው ዋሲሁንን ይጠይቅ፣ የነገሩ ባለቤት እሱ ነው። ዋሲሁንን የሚጠራጠር ደግሞ ምስክር አለለት፤ እትዬ ሙሉጌጥ እዚያው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው ሁሉንም አይተዋል። እርግጥ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ድምፃቸው ስለተዘጋ አፍ አውጥተው መመስከር አልቻሉም። ግን ዋሲሁን ታሪኩን ባወራ ቁጥር አጠገቡ ተቀምጠው ሰምተዋል፤ አንድም ቀን ራሳቸውን ነቅንቀው "አይደለም" አላሉም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ዋሲሁን ሐዋሳ መሃል ከተማ ውስጥ፣ በጫማ መደብርና በፎቶ ቤት መካከል በተሰነቀረች ሱቅ ኮምፒውተር ይጠግናል። ይጠግናል ማለት እንኳ ያንሰዋል። ከሻሸመኔ እስከ ዲላ ያለ የታመመ ላፕቶፕ ሁሉ ስሙን ሲሰማ ግማሽ ሕመሙ ይለቀዋል ይባላል። የሚለው ራሱ ዋሲሁን ቢሆንም፣ ይባላል። አርባዎቹን አጋምሷል፤ ሆዱ ከሸሚዙ ጋር መጣላት ጀምሯል፤ ጣቶቹ ግን ኪቦርድ ላይ ሲወርዱ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ናቸው።

ከሱቁ ሌላ የሚወደው አንድ ቦታ አለ፤ ወደ ሐይቅ ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የቤተ ክርስቲያናቸው መቅጃ ክፍል። ዋሲሁን "ስቱዲዮ" ይላታል፤ በሱ አፍ ስትነገር አውሮፕላን የሚያርፍባት ትመስላለች። ግድግዳዋ በአሮጌ ስፖንጅ ፍራሽ ተሸፍኗል፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፣ አንድ ማይክ ከላይ ተንጠልጥሏል፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ማንም ሊወስደው ያልፈለገ ኮምፒውተር ተቀምጧል። የኮምፒውተሩ ራም፣ ማለትም ሥራውን ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ፣ ኪስ ውስጥ ካለ ስልክ ራም ያነሰ ነው። ሃርድ ዲስኩ ሲሠራ በቆሎ ቆርቆሮ ላይ የሚበተን ያህል ይንጣጣል። ማይኩም ያንን እየለቀመ ስንቱን መዝሙር አበላሽቷል።

ሌላ ሰው ቢሆን አዲስ ዲስክ ግዙልኝ ብሎ ያለቅስ ነበር። ዋሲሁን ግን ዘዴ ፈጠረ። ዘማሪው ዘምሮ እስኪጨርስ ድረስ ድምፁ ወደ ዲስኩ እንዳይሄድ፣ ራሙ ላይ ብቻ እንዲጠራቀም አደረገ። ዲስኩ ጭጭ ይላል፣ መዝሙሩ ንጹሕ ይሆናል፣ ሲያልቅ ሴቭ ይደረጋል። ሴቭ ሳይደረግ በፊት አንድ ነገር ቢፈጠር ድምፁ እንደ ትንፋሽ በንኖ እንደሚቀር ለማንም አልነገረም። ለምን ሰው ያስጨንቃል?

እንግዲህ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የእትዬ ሙሉጌጥ ልጅ ታቢታ እናቷን ደግፋ አመጣቻቸው። እትዬ ሙሉጌጥ በወጣትነታቸው ጨርቅ እየሸጡ ራሳቸው የደረሱት፣ ከሳቸው በቀር ማንም አሳምሮ የማይዘምረው መዝሙር ነበራቸው። በማግስቱ ጠዋት እንቅርታቸው በቀዶ ጥገና ሊወጣ ነው።

"ጋሼ ዋሲሁን፣ አደራ" አለች ታቢታ ወደ ጎን ሳብ አድርጋው። "ሐኪሙ ድምፃቸው ላይመለስ ይችላል ብሎናል። ዛሬ ካልተቀዳ..."

"አንቺ ሆስፒታል ሄደሽ አልጋውን አስይዢ። የእናትሽ ድምፅ እኔ እጅ ገባ ማለት ካዝና ገባ ማለት ነው።"

"የመዘምራኑን ኪቦርድ መቺ፣ አሸናፊን ስትቀዳም እንደዚህ ብለህ አልነበር?"

"እሱ የአሸናፊ የራሱ ጥፋት ነው! ሂጂ አሁን፣ ትንፋሻቸውን አትሻሚ።"

ታቢታ ሄደች። ክፍሉ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ሰማዩ ላይ የመሐረብ ቁራጭ የምታህል ደመና እንኳ የለችም። ይህ ይያዝልን። እትዬ ሙሉጌጥ ሻሻቸውን አስተካክለው ጀመሩ፤ ሲጀምሩ ሐዋሳ ቆመች። ባጃጆቹ ጥሩንባቸውን ዋጡ። ደጅ ዛፉ ላይ የተሰቀሉት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ የሐይቅ ወፎች ራሰ በራቸውን ወደ መስኮቱ አዘነበሉ። መሃል መዝሙር ላይ መሄድ ልማዱ የሆነው መብራት እንኳ ያን ዕለት አፍሮ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ይህም ይያዝልን። ዋሲሁን ጆሮ ማዳመጫውን እንደ አክሊል ደፍቶ፣ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ አዳመጠ። ቀልድ አላማረውም። ለሱ ይህ ብርቅ ነው።

የመጨረሻው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ዲስኩ ተንጣጣ።

አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያም ሳያቋርጥ። ዋሲሁን ማውሱን ገፋው፤ ቀስቷ ንቅንቅ አላለችም። ለካ አሸናፊ ጠዋት የከፈታቸውን የመዘምራን ቪዲዮዎች አንዱንም ሳይዘጋ ወጥቶ ኖሯል! ራሙ ሞልቶ ፈሷል። ዋሲሁን እትዬ ሙሉጌጥን ሳያቋርጥ አስጨረሳቸው፤ ከዚያ ግንባሩን በእጁ ጠረገ።

"ምነው ልጄ፣ አላማረም?" አሉ።

"ማማሩንማ አምሯል እትዬ። ከርነሉ ነው የተጨናነቀው።"

"ማነው እሱ?"

"የዚህ ማሽን አስተናባሪ ነው። ሐይቅ ዳር ሆቴል ሠርግ ተጠርተው አያውቁም? አዳራሹ ጠባብ፣ ተጋባዡ ሺህ። አስተናባሪው ግን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 'ግቡ፣ ለሁላችሁም ቦታ አለ' ይላል።"

"ውሸቱን ነዋ!"

"ይስሙኝ እንጂ። አሁን የማይበላውን ሰው ቀስ ብሎ ያነሳና ጓሮ ድንኳን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ቤተሰቡ ሲፈልገው ሮጦ ያመጣውና በሱ ቦታ ሌላ ይወስዳል። ማንም አይነቃም። እያንዳንዱ ቤተሰብ አዳራሹ በሙሉ የሱ እንደሆነ እያሰበ ይበላል። አዳራሹ ራም ነው፣ ድንኳኑ ዲስክ ነው፣ ሰዎቹ ደግሞ ገጽ ይባላሉ። ቤተሰብ ያልኩዎት ፕሮግራሙ ነው።"

"አሁን ታዲያ ምን ሆነ?"

"ሁሉም ባንዴ ልብላ አለ። አስተናባሪው አንዱን ሲያስገባ ሌላውን ሲያስወጣ ይሮጣል እንጂ ማንም አልጎረሰም። የሚንጣጣው የሱ ሩጫ ነው።" ዋሲሁን ማውሱን እንደገና ገፋው። "ጭንቁ ሲበዛበት ደግሞ ዘበኛ ይጠራል። ዘበኛው አይጠይቅም፤ ብዙ ቦታ የያዘውን ቤተሰብ አንገቱን ይዞ ይጥለዋል።"

"ብዙ የያዘው ማነው?"

ዋሲሁን ሊዋሽ አስቦ ነበር፤ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ እውነቱ አመለጠው።

"የእርስዎ መዝሙር ነው፣ እትዬ።"

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ በኢትዮጵያ ምድር፣ ምናልባትም በአፍሪካ፣ ተሠርቶ የማያውቀው ነገር የተሠራው። ዋሲሁን ለማሽኑ ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት በኪቦርድ ብቻ ከፈተ። የሚጽፈው ፊደል ቶሎ አይታይም፤ አንዷ ፊደል ብቅ እስክትል ሰው ሻይ አፍልቶ ይጠጣል። ስለዚህ ዓይኑን ጨፍኖ ጻፈ። መጀመሪያ ለዘበኛው ቀጭን ትዕዛዝ ላከ፦ "ይህን ቤተሰብ እንዳትነካ።" ቀጥሎ ኪሱ ውስጥ የነበረውን ፍላሽ ሰክቶ ጓሮው ላይ ሁለተኛ ድንኳን ተከለ። ከዚያ የገጾቹን ማውጫ ገለጠ፤ ከርነሉ የትኛው ገጽ የት እንዳለ የሚያውቅበትን ሰንጠረዥ ማለት ነው።

ያኔ አየ።

የእትዬ ሙሉጌጥ ድምፅ አንድ ቦታ አልነበረም። አራት ሺህ ባይት ገደማ በሚይዙ ገጾች ተቆራርጦ፣ አንዱ ቁራጭ እዚህ፣ ቀጣዩ ማዶ፣ ሌላው ጓሮ ድንኳን ውስጥ፣ በመካከላቸው የአሸናፊ ቪዲዮ ፍርፋሪ ተሰግስጎ ተበትኖ ነበር። አንዲት ትንፋሽ በስንትና ስንት ቦታ ተሰንጥቃለች። "ጌታ" ሲሉ የመጀመሪያው ድምፅ በማሽኑ አንድ ጥግ፣ መጨረሻው በሌላ ጥግ። ሆኖም አንዷም አልጠፋችም። ማውጫው እያንዳንዷን በአድራሻዋ ያውቃታል፤ ፕሮግራሙ እጁን ሲዘረጋ የራቀችው ትመጣለች፣ የተበተነው በተርታ ይሰለፋል፣ መዝሙሩም ምንም እንዳልተቆረጠ አንድ ወጥ ሆኖ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በእያንዳንዱ ሱቅ፣ በእያንዳንዱ ቢሮ፣ ባጃጅ ሹፌሩ ኪስ ውስጥ ባለው ስልክ ሳይቀር ነው፤ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ዋሲሁን የኖረው ይህን ነገር እየጠገነ ነው፤ ያየው ግን ገና ያን ዕለት ነው። ፀጉሩ ቆመ። የቀረችው ፀጉር ሁሉ ቆመች።

ከዚያማ ምን ይነገራል! ገጾቹን በአድራሻቸው እየጠራ፣ እንደ በግ እየነዳ አስገባቸው። ከርነሉ ሲደክም እሱ ተሸከመ። ዘበኛው ዱላውን ይዞ ከተፍ አለ፣ የእትዬ ሙሉጌጥን መዝሙር ገርመም አድርጎ አየ፣ ትዕዛዙን አነበበ፣ ባርኔጣውን አነሳ፣ ዞር ብሎም የአሸናፊን ቪዲዮ ከነጫማው ጣለው። ዲስኩ ጸጥ አለ። ቀስቷ ተንቀሳቀሰች። ዋሲሁን ሴቭ የምትለውን ሲጫን ሐይቁ ላይ አንድ አሳ ዘለለ።

በማግስቱ እትዬ ሙሉጌጥ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። እንቅርቱ ወጣ፣ ድምፃቸውም እንደተፈራው አብሮ ሄደ።

ወራት አለፉ። አሸናፊ ኪቦርዱን አልብሶት መዝሙሩ ያለቀ ዕለት፣ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ተደርድሮ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። እትዬ ሙሉጌጥ ከፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ ታቢታ እጃቸውን ይዛለች። መዝሙሩ ተለቀቀ። የሄደው ድምፅ በግቢው ላይ ተመልሶ ሲነሳ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ታቢታ ዓይኗን መጥረግ ትታ ዝም ብላ አነባች።

ሲያልቅ አሸናፊ ጭንቅላቱን አከከ።

"ጋሼ ዋሲሁን፣ ከሥር የሚንጣጣ ነገር አለ። ላጠፋው ብዬ ብታገል እምቢ አለኝ። ምንድን ነው?"

ዋሲሁን ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ብድግ አለ።

"እንዳትነካው! እሱ እኮ ገጾቹ ናቸው። ያኔ ከድንኳን ወደ አዳራሽ ያስገባኋቸው ገጾች። ዲስኩ ላይ ሲራመዱ ኮቴያቸው ነው የተቀዳው። በዓለም ላይ የከርነል ሥራ በመዝሙር ውስጥ የሚሰማበት ቦታ ይሄ ብቻ ነው!"

"አንተ የመጨረሻው ስንኝ ላይ ነው ያልከን። ይሄ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይሰማል።"

"አሸናፊ፣ አንተ ኪቦርድህን ምታ። ገጽ መቼ በተራ ሄዶ ያውቃል?"

ሰው ሳቀ፤ ከዚያ "እስቲ ድገሙት" አለ። መዝሙሩ እንደገና ተከፈተ። አሁን ሁሉም ከድምፁ ሥር ያለውን ያዳምጣል። ጠ ጠ ጠ ጠ። ሽማግሌዎች ቆባቸውን አወለቁ። "የጌታ ሥራ" አለ አንዱ በሹክሹክታ፤ ዋሲሁንም ምስጋናውን ከጌታ ጋር እኩል ተካፈለ።

ያኔ እትዬ ሙሉጌጥ እጃቸውን አነሱ። ዋሲሁንን በጣታቸው ጠሩት። ከወራት ዝምታ በኋላ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ የወጣው ድምፅ ወረቀት ሲታሸት የሚሰማውን ያህል ነው። አሸናፊ ማጉያውን ቀነሰው። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

"ዝናብ ነው" አሉ።

"እንዴት፣ እትዬ?"

"ከሥር የሚሰማው። የቆርቆሮው ዝናብ ነው ልጄ።" ትንፋሽ ሰበሰቡ። "መጀመሪያ የዘመርኩት እኮ ጠፍቷል። የሠርጉን ነገር እያወራኸኝ መብራት ሄደ። ማሽኑ ድርግም አለ። አንተ ምንም አልነካህም፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተህ 'የታቢታን አደራ በላሁ' እያልክ አለቀስክ።"

ታቢታ የእናቷን እጅ ጠበቅ አደረገች። ዋሲሁን ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

"መብራት ሲመጣ ዝናቡ ጀምሮ ነበር" አሉ እትዬ ሙሉጌጥ፣ ይበልጥ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ጉሮሮዬ ደክሞ ነበር፤ አንተ ግን መቅጃውን ዳግም ከፍተህ እንኳ ማልቀስህን አልተውክም። የመጀመሪያውን ለቅጂው ነው የዘመርኩት። ይሄን ሁለተኛውን ግን አንተን ላባብልህ ነው።"