የዳማው ግራ እግር

ባልደራሱ ጌሮልድ ቪክ የፈረስ እግር ሲዳብስ ዓይኑን ይጨፍናል። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበር። በዚያ የሐምሌ እሑድ ማለዳ ግን፣ ሃምቡርግ ሆርን በሚገኘው የግልቢያ ሜዳ ጋጣ ውስጥ የዳማውን ፈረስ ግራ የፊት እግር ሲዳብስ ድንገት ዓይኑን ገለጠ። ጅማቱ ሞቋል። ቀኙን ነክቶ አመሳከረ፤ ተመልሶ ግራውን ያዘ። ሞቋል።

የሞቀ ጅማት የጉዳት ምልክት ነው፤ ፈረሱ ግን አያነክስም። ሐኪሙ ትናንት አይቶ አሳልፎታል፤ አሰልጣኙ ፎልክማርም እየቀለደ ቁርሱን ይበላል። ጌሮልድ ዝም ቢል የሚያውቅበት አልነበረም።

ዝም ማለቱም ያጓጓ ነበር። ዳማው ከሰዓት በኋላ የሚሮጥበት የጀርመን ደርቢ እንደ ሌላው የፈረስ ግልቢያ አይደለም። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ፈረስ አርቢ ሁሉ ሲያልመው የኖረ ቀን ነው፤ ፈረስም የሚሮጥበት በሦስት ዓመቱ፣ በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው። ካመለጠ አመለጠ። የዳማው ባለቤት የሆኑት የወይዘሮ ሮስቪታ አያት ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት አሸንፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ አባታቸው ሞከሩ፣ እሳቸውም ሃምሳ ዓመት ሞከሩ፤ ሁለተኛ እንኳ የወጣላቸው የለም። ዘንድሮ ዳማው ኮሎኝ ከተማ ላይ በተደረገ ግልቢያ ሁሉንም አስከትሎ ገባ። ዘንድሮ ደግሞ ሐኪሞች ለሮስቪታ ገናን እንደማያዩ ነገሯቸው።

ጌሮልድ አሰልጣኙን አልፎ እሳቸው ዘንድ ሄደ። ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው ባርኔጣቸውን ሲያስተካክሉ አገኛቸው።

"ግራ እግሩ ሞቋል፣ እሜቴ።"

እጃቸው ባርኔጣው ላይ ቀረ። "መሮጥ ያቅተዋል?"

"መሮጡንስ ይሮጣል። በደህና መመለሱን ነው የምጠራጠረው።"

"ትጠራጠራለህ እንጂ አታውቅም።"

"አላውቅም።"

ወደ ጋጣው ግፋኝ አሉት። ጎንበስ ብለው እግሩን ያዙ፤ ጣቶቻቸውን ግን ሕመሙ ካደነዘዛቸው ቆይቷል። ዳማው አፍንጫውን ትከሻቸው ላይ አሳረፈ።

"እጄ ምንም አይነግረኝም" አሉ በመጨረሻ። "ያለኝ ያንተ እጅ ነው። ከውድድሩ ይውጣ።"

ፎልክማር ተቆጣ፣ ለመነ፣ ሐኪሙን አስጠራ፤ ሐኪሙም እርግጡን መናገር አልቻለም። እሳቸው ቃላቸውን አላጠፉም። ቤት እንግባ ሲባሉም እምቢ ብለው፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ላያቸው ላይ እየወረደ ግልቢያውን እስከ መጨረሻው አዩ። ያሸነፈው፣ ዳማው ኮሎኝ ላይ በሦስት ፈረስ ርዝመት የቀደመው ፈረስ ነበር። ሮስቪታ አጨበጨቡ። ባለቤቱንም እንኳን ደስ ያለህ አሉት። መኪናው ውስጥ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እስከ ቤት ድረስ በመስኮቱ ዝናቡን አዩ።

በሳምንቱ እግሩ በመሣሪያ ታየ። ጅማቱ ደህና ነበር። የጋጣውን ግድግዳ ረግጦ ይሆናል የሞቀው፣ አለ ሐኪሙ። ቢሮጥስ ምን ይሆን ነበር ብሎ ጌሮልድ ሲጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ።

ነሐሴ ላይ ሮስቪታ ሆስፒታል ገቡ። ጌሮልድ ከጓሮው ፕሪም ለቅሞ ሊጠይቃቸው ሄደ። ስለ ባዝራዎቹና ስለ ድርቆሹ ሲያጫውታቸው ከቆየ በኋላ፣ ሮስቪታ የዳማው እግር ምን እንደተገኘበት ጠየቁት። መንገዱን ሙሉ ለዚህ ጥያቄ ውሸት ሲያሰናዳ ነበር የመጣው። ፊታቸውን ሲያይ ግን መዋሸት አቃተው።

"ምንም አልነበረበትም፣ እሜቴ።"

ወደ ግድግዳው ዞሩ። ጌሮልድ ቆቡን ጨብጦ ቆመ። ይቅርታ ሊጠይቅ አሰበ፤ ጥፋቱ የቱ እንደሆነ ግን ጠፋበት።

"ደክሞኛል" አሉት። "ሐሙስ ና። ሐሙስ እናወራለን።"

ረቡዕ ጠዋት አረፉ።

ወራሹ የወንድማቸው ልጅ ፈረስ አያውቅም፤ ዳማውን ሸጠው። በጥቅምት ፎልክማር ደወለ። ዳማው ባደን ባደን በተደረገ ግልቢያ በአዲሱ ባለቤቱ ስም ሮጦ አሸንፏል አለ፤ እግሩም እንደ ብረት ነው፤ ደስ ይበልህ። ጌሮልድ አመስግኖ ስልኩን ዘጋ። ለቀሩት ሁለት ባዝራዎች አጃ ሰፈረላቸው፤ ጋጣውን ጠረገ፤ ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ደስ ብሎት ነበር፤ እንባው ግን አልቆም አለው።